ለኮሮኮንቹም ለዳገቱም የሚሆን የሩጫ ጫማ

ሴት ልጅ ሩጫ ስትጀምር በቤት ውስጥ ቀድሞ የሚነሣው የጫማ ጉዳይ ነው። ቁምጣና ማልያ ከታላቅ ወንድም ይገኛል፤ ካልሲም አይጠፋም። ጫማ ግን እንደ ሌላው ልብስ ተውሰው የሚወጡበት ነገር አይደለም። ዋጋውም የቤቱን የወር አስቤዛ የሚነካ በመሆኑ፣ እናትና አባት አንድ ጊዜ ተመካክረው የሚገዙት፣ ከተገዛም በኋላ ዓመቱን በሙሉ ያገለግላል ተብሎ የሚጠበቅ ዕቃ ነው። ይሁንና ብዙዎቻችን ጫማ የምንገዛው ሻጩ «ይህ የታወቀ ነው» ስላለን ወይም ቀለሙ ለልጅቷ ዓይን ስለገባ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ የልጅቷ ጥፍር ጠቁሮ ወይም ቁርጭምጭሚቷ አብጦ ስናይ ደግሞ ጥፋቱን በሩጫው ላይ እናሳብባለን። «ድሮም ሩጫ ለሴት ልጅ አይሆንም ብያለሁ» የሚል አጐት ከየቤቱ አይጠፋምና፣ በአንድ ያልተስማማ ጫማ ምክንያት ሩጫ ያቆመች ልጅ ጥቂት አይደለችም።

አትሌት ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር የወርቅ ሜዳሊያ ካገኘች ወዲህ፣ ማለዳ ተነሥታ የምትሮጥ ልጃገረድ ማየት ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። አትሌት ለመሆን ከሚሮጡት ሌላ፣ ለጤናቸው ሲሉ በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ወደ ዳገት የሚወጡ የቤት እመቤቶችና የመሥሪያ ቤት ሠራተኞችም አሉ። የሚሮጡበት መሬት ግን እንደ ስታዲየም መም የተስተካከለ አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ እንጦጦ የምትወጣ አንዲት ሯጭ እንውሰድ። ከቤቷ እስከ ዳገቱ ግርጌ አስፋልትና ኮብልስቶን ትረግጣለች። ቀጥሎ ልቅ ጠጠር የበዛበት ኮሮኮንች ይመጣል። ጫካው ውስጥ ስትገባ ደግሞ ከመሬት ወጥቶ የተጋደመ የባሕር ዛፍ ሥር፣ በደረቀ ቅጠል የተሸፈነ ድንጋይ፣ የከብት መንገድ፣ ጐርፍ የቦረቦረው ቦይ ይጠብቃታል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ባለ ቦታ ትንፋሽ ያጥራል፤ የደከመ እግርም እንደ ልብ አይነሣም። ጣት ድንጋይ የሚመታውና እግር ወለም የሚለው ያን ጊዜ ነው።

አቅም ያለው ሯጭ ለአስፋልቱ አንድ፣ ለጭቃው አንድ፣ ለድንጋዩ ሌላ አንድ ጥንድ ይገዛል። አንድ ጥንድ ብቻ ለሚገዛ ቤተሰብ ግን ጥያቄው «ከሁሉ የሚበልጠው ጫማ የትኛው ነው?» ሳይሆን፣ «ሦስቱንም መሬት በመጠኑ የሚችለው የትኛው ነው?» የሚለው መሆን አለበት። በእኛ አስተያየት መልሱ መካከለኛው ጫማ ነው፤ ጥርሱ መካከለኛ፣ ውፍረቱ መካከለኛ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለእግሯ ልክ የሆነ።

መካከለኛ ስንል ቅር የሚላቸው ልጆች ይኖራሉ፤ በቴሌቪዥን የሚያዩት ሌላ ነውና። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ትዕግሥት አሰፋ የበርሊን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ፈጽማ በጊዜው የዓለምን ክብረ ወሰን ስትይዝ ያደረገችው ጫማ፣ የአንድ እግሩ ክብደት 138 ግራም ብቻ ነበር። ዋጋው 500 የአሜሪካ ዶላር ሲሆን፣ ሠሪው አዲዳስም ጫማው ለአንድ ማራቶንና እግር ለማለማመጃ ለሚሆን ጥቂት ሩጫ የታሰበ መሆኑን ራሱ አስታውቆ ነበር። ይህ ጫማ ለተሠራበት ሥራ እጅግ ግሩም ነው። ሥራው ግን በለሰለሰ አስፋልት ላይ በቀጥታ መሮጥ ነው። እንዲህ ያለውን ቁመተ ረጅምና ለስላሳ ጫማ፣ ወይም እርሱን አስመስሎ የተሠራውን፣ አድርጋ ድንጋያማ ዳገት የምትወጣ ልጅ በርጩማ ላይ ቆማ እንደምትራመድ ያህል ናት። ድንጋይ በጐን ሲነካው ጫማው ይጋደላል፤ ቁርጭምጭሚትም አብሮ ይጋደላል።

በሌላው ወገን ደግሞ «አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አሸንፎ የለም ወይ?» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ በ1952 ዓ.ም. መጨረሻ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ አሸንፏል። ነገር ግን ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ሲገባ ጫማና ካልሲ አድርጎ እንደነበረ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ከዚህም ሌላ በአንዳንድ የደጋ ቀይ አፈር አካባቢዎች ለብዙ ዓመታት በባዶ እግር መሄድ ፖዶኮኒዮሲስ የተባለውን፣ በተለምዶ ከዝሆኔ ጋር የሚቆጠረውን እግር የሚያሳብጥ በሽታ እንደሚያመጣ ተረጋግጧል። ስለዚህ ልጅን ባዶ እግር ለማስሮጥ የአበበን ስም መጥራት አይገባም።

ከሥሩ እንጀምር

የተራራ ሩጫ ጫማ ከጐዳናው የሚለየው ገልብጠው ሲያዩት ነው። እንደ መኪና ጐማ ጥርስ አለው። የጐዳና ጫማ ጥርስ ቢኖረውም 2 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ ልቅ ጠጠር ላይ ያንሸራትታል። ለከባድ ጭቃ የሚሠራው ደግሞ 5 እና 6 ሚሊ ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ የሆነ ጥርስ አለው። ብዙ ሰው «ጥርሱ በረዘመ ቁጥር ይበልጥ ይይዛል» ብሎ ይህን ይመርጣል። ለስላሳ ጭቃ ላይ ልክ ነው። አስፋልት ላይ ግን ረጅሙ ጥርስ በጥቂት ወራት ይበላል፤ ደረቅ ድንጋይ ላይም ጥርሱ ራሱ እየታጠፈ እግርን ያወላግዳል። ሁሉንም መንገድ ለምትረግጥ ሯጭ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ያለው ይበቃታል። ሚሊ ሜትር የሚለካ ማስመሪያ ይዞ ገበያ የሚወጣ ስለሌለ፣ አንድ የክብሪት እንጨት ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆኑን እንጠቁማለን። ሁለት እንጨቶች ተነባብረው በጥርሶቹ መካከል ሲቀመጡ ከጥርሱ ጫፍ ጋር እኩል ከሆኑ ወይም ጥቂት ብቻ ብቅ ካሉ የተፈለገው እርሱ ነው።

ጥርሶቹ እጅግ የተጠጋጉ እንደሆነ የሐምሌ ጭቃ በመካከላቸው ገብቶ ይቀራል፤ ጫማውም ከሥሩ እንደ ምጣድ ልሙጥ ይሆናል። የትንሿ ጣት ጫፍ በመካከላቸው ሊገባ የሚችል ያህል ቢራራቁ ጭቃው በእርምጃ ብዛት ይራገፋል። ከፊት ያሉት ጥርሶች ለመውጣት የሚገፉ፣ ተረከዙ ላይ ያሉት ደግሞ ወደ ተቃራኒው ዞረው ቁልቁለት ላይ የሚይዙ ቢሆኑ ይመረጣል።

እርጥብ ድንጋይ ላይ ግን ሰው የሚድነው በጥርስ ርዝመት አይደለም፤ በላስቲኩ ልስላሴ ነው። ላስቲኩን በጥፍር ጫን ብለው ይሞክሩት። ምንም የማይሰረጐድ ከሆነ እንደ ፕላስቲክ ደርቋልና እርጥብ ድንጋይና ኮብልስቶን ላይ ያንሸራትታል። እጅግ የሚለሰልሰው ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ጥቂት ተሰርጉዶ ወዲያው የሚመለሰው ደህና ነው።

ከላስቲኩ በላይ ያለው ስፖንጅ ብዙ ያከራክራል። አሁን አሁን ከጫማ ውስጥ እግር ሲገባ ትራስ የረገጡ ያህል የሚሰማበት ዓይነት ይወደዳል። ሱቅ ውስጥ ለሁለት ደቂቃ ሲሞክሩት ደስ ይላል፤ ኮሮኮንች ላይ ለአንድ ሰዓት ሲሮጡበት ግን እግር የረገጠውን ስለማያውቅ ወለምታ ይበዛል። ተረከዙ ዘንድ ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለውና ጠንከር ያለው ለድንጋይም ለአስፋልትም ይስማማል። በጣም ቀጭን የሆነው ደግሞ የጠጠሩን ሹል ሁሉ ለውስጥ እግር ያቀብላል። አንዳንድ ጫማዎች ይህን ለመከላከል በስፖንጁና በላስቲኩ መካከል ስስ የሆነ ጠንካራ ፕላስቲክ ይገባላቸዋል። መኖሩን ለማወቅ ጫማውን አድርጎ ትንሽ ጠጠር ላይ መቆም ነው፤ ጠጠሩ መኖሩ ከታወቀ ነገር ግን ካልወጋ በቂ ነው።

ጫማውን በሁለት እጅ ይዘው ያጥፉት። መታጠፍ ያለበት ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ ነው። ከመካከሉ እንደ መጽሐፍ የሚታጠፍ ከሆነ እግርን አይደግፍም። እንደ ፎጣ ሲጠመዝዙት የሚዞር ከሆነም ይለፉት። የተረከዙን ጀርባ በአውራ ጣት ሲጫኑት ደግሞ እንደ ጨርቅ መተኛት የለበትም።

ሻጮች አዘውትረው የሚያሞግሱት «ውኃ የማያስገባ» የሚሉትን ነው። ክረምታችንን ያየ ሰው በዚህ ቢታለል አይፈረድበትም። ግን ነገሩ እንደሚባለው አይደለም። ውኃው የሚገባው በጨርቁ ብቻ ሳይሆን በእግር ማስገቢያውም ነው። ቦይ ስትሻገር አንድ ጊዜ ከላይ የገባው ውኃ መውጫ አጥቶ እንደ ጣሳ ውስጥ ይቀመጣል፤ ጫማውም በማግስቱ አይደርቅም። እግር በእርጥበት ሲርስ ቆዳው ይላጣል፤ በጣቶች መካከልም ፈንገስ ይጀምራል። ስለዚህ ውኃ ቢያስገባም ቶሎ የሚያስወጣው ወንፊታም ጨርቅ ይሻላል፤ በበጋም እግር አያልብም፤ ዋጋውም ይቀንሳል። ይልቅስ ጨርቁ ጠጠርና እሾህ በቀላሉ የሚቀደው ስስ አለመሆኑን፣ ከጣቶች ፊት ጠንካራ ላስቲክ መለበጡን፣ የጫማው ምላስም በሁለቱ ጐን ከጫማው ጋር የተሰፋ መሆኑን መመልከት ይጠቅማል። ምላሱ ያልተሰፋ ጫማ አሸዋና ጠጠር ያስገባል።

የእግር ልክ

ከላይ የዘረዘርነው ሁሉ ቢሟላ እንኳ ልኩ ካልሆነ ዋጋ የለውም። በዚህ ረገድ በየቤቱ የሚሠራ አንድ ስሕተት አለ። ልጅ እያደገች ነውና «ለከርሞም ይሆናታል» ተብሎ በሁለት ቁጥር የሚበልጥ ጫማ ይገዛና ጫፉ ላይ ጥጥ ይወተፋል። ለትምህርት ቤት መመላለሻ ይህ ብዙም ላይጐዳ ይችላል። ቁልቁለት ለምትሮጥ ልጅ ግን አደገኛ ነው። እግሯ ጫማው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ስለሚል ውኃ ይቋጥራል፤ የጫማው ጫፍ ከእግሯ ቀድሞ ስለሚደርስም ሥርና ድንጋይ እየያዘ ይጥላታል። በሚሊ ሜትር ብንመለከተው፣ በአውሮፓ ቁጥር በአንድ ቁጥርና በሚቀጥለው መካከል ያለው ልዩነት ሰባት ሚሊ ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነው። ሁለት ቁጥር ማለት ታዲያ ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ ትርፍ ማለት ነው፤ ይህም ከሚያስፈልገው ክፍተት ላይ ሲጨመር ነው። ገንዘብን ለመቆጠብ ሲባል የተገዛው ጫማ ለሐኪም ወይም ለወጌሻ የሚከፈል ያመጣል።

ጠበብ ያለው ደግሞ በሌላ በኩል ይጐዳል። ቁልቁለት ላይ እግር ወደፊት ይንሸራተታል። ከጣት ፊት ክፍተት ከሌለ በየእርምጃው ጥፍር ከጫማው ጋር ይጋጫል፤ ከሥሩ ደም ይቋጥርና ይጠቁራል፤ ውሎ አድሮም ይነቀላል። ስለዚህ ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል፣ ይኸውም ከ1 ሴንቲ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ክፍተት ያስፈልጋል። ልብ ይበሉ፤ ረጅሙ ጣት በሁሉም ሰው አውራ ጣት አይደለም፤ ሁለተኛው ጣት የሚረዝምባቸው ብዙ ናቸው።

ልክ የሚወሰደው እንዲህ ነው። እግር ቀን ሲውል ስለሚያብጥ ማታ ይለካል። ልጅቷ የምትሮጥበትን ካልሲ አድርጋ፣ ተረከዟን ግድግዳ አስነክታ ወረቀት ላይ በሁለት እግሯ ትቆማለች፤ ተቀምጣ ከሆነ ልኩ ያንሳል። ከግድግዳው እስከ ረጅሙ ጣት ያለው በሴንቲ ሜትር ይለካል። ሁለቱም እግር ይለካ፤ አንዱ ከሌላው መብለጡ የተለመደ ነውና የሚገዛው ለትልቁ ነው። ወረቀቱንም ይዞ ገበያ መውጣት ነው። በጫማው ምላስ ውስጠኛ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ የእንግሊዝ፣ የአሜሪካና የአውሮፓ ቁጥር አብረው ይጻፋሉ። በአሜሪካ ቁጥር የሴትና የወንድ የተለያየ ነው፤ አንድ ዓይነት ርዝመት ያለው እግር በሴት ቁጥር በአንድ ተኩል ገደማ ይበልጣል። ይህን ባለማወቅ የሚሳሳት ሰው ስለሚበዛ፣ በሴንቲ ሜትር የተጻፈ ካለ እርሱን ማየት ይቀላል። ቢሆንም የአንዱ ፋብሪካ 38 ከሌላው 38 ጋር ላይገጥም ስለሚችል፣ ሳይሞክሩ መግዛት አይገባም።

የሴት እግር ከወንድ እግር ያነሰ ብቻ አይደለም። በአብዛኛው ከጣቶቹ ስፋት ጋር ሲነጻጸር ተረከዙ ቀጠን ይላል። የወንድ ጫማ የምታደርግ ሴት ከፊት ልክ ሆኖላት ከኋላ የሚንሸራተትባት ለዚህ ነው። የወንዱ ካልሆነ በቀር ከሌለ፣ ማሰሪያውን ከላይኛው የመጨረሻ ቀዳዳ ድረስ አድርሶ፣ እዚያው በጐን በኩል ትንሽ ቀለበት ሠርቶ፣ የአንዱን ጫፍ በሌላው ቀለበት አሳልፎ ማሰር ተረከዙን ይይዛል።

እናቶች ራሳቸውን የሚመለከት አንድ ነገር እንጨምር። በእርግዝና ወቅት፣ በተለይም በመጀመሪያው፣ የእግር ቅስት ዝቅ ይልና እግር ይረዝማል፤ ከወለዱም በኋላ እንደዚያው የሚቀርባቸው አሉ። ከመውለዷ በፊት 38 ታደርግ የነበረች እናት ወደ ሩጫ ስትመለስ የድሮ ቁጥሯን አምና ባትገዛ መልካም ነው፤ አዲስ ልክ ትውሰድ። ለዓመታት ባለ ተረከዝ ጫማ አዘውትረው የኖሩም፣ ተረከዙና ፊቱ እኩል ወደሆነ የሩጫ ጫማ በአንድ ጊዜ ቢሻገሩ ባታቸውና የቋንጃቸው ጅማት ይታመማል። ተረከዙ ከፊቱ ከ4 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ከፍ ያለውን ቢመርጡ ይቀላቸዋል።

ስለ ሰልባጅ ጫማ

አዲስ መግዛት የማይችል ቤተሰብ ወደ ሰልባጅ ይሄዳል። ይህ የሚያሳፍር አይደለም፤ እንዲያውም ትንሽ የተረገጠ ደህና ጫማ፣ ስሙን ብቻ ለጥፈው ካስመሰሉት አዲስ ጫማ ይበልጣል። የሚያስፈልገው ዓይን ነው። ጫማውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ከኋላው በዓይን ልክ ይመልከቱት። ወደ አንድ ጐን ካዘነበለ የቀድሞው ባለቤት አረጋገጥ ስፖንጁን አጋድሎታል፤ የልጅዎንም እግር እንዲሁ ያጋድለዋል። በስፖንጁ ጐን ላይ ጥልቅ የሆነ የተጨማደደ መስመር ካለ ስፖንጁ ሞቷል። ጥርሱ አዲስ መስሎ ስፖንጁ የደረቀም ያጋጥማል፤ ስፖንጅ ሳይረገጥም በእርጅና ይደርቃልና። በብዙ ጫማዎች ምላስ ውስጥ ያለው ትንሽ ወረቀት የተሠራበትን ዘመን ስለሚናገር እርሱን ማየት ነው። ላስቲኩ ከጫፉ የተላቀቀ ከሆነ ግን ጫማ ሰፊ በማስቲሽ ሊመልሰው ስለሚችል ለዋጋ ማስቀነሻ ይሆናል እንጂ ለመተው አያበቃም።

እኅትማማቾች አንድ ጫማ በፈረቃ ማድረጋቸውን ግን አንመክርም። ስፖንጁ አንዷ በረገጠችው ይቀረጻል፤ ፈንገሱም ከአንዷ ወደ ሌላዋ ይተላለፋል። የግድ ከሆነ ቢያንስ የውስጡን ንጣፍ ለየራሳቸው ይያዙ።

እቤት ከገባ በኋላ

አዲሱን ጫማ ልጅቷ በመጀመሪያው ቀን ዳገት ይዛው አትውጣ። ሁለት ሦስት ቀን እቤት ውስጥ ታድርገው፤ የሚነካት ቦታ ካለ ሻጩ ሊለውጥ የሚችለው ሥሩ ጭቃ ሳይነካው ነውና ሲገዙ ይህን መነጋገር ነው። ከዚያ አጭር ሩጫ፣ ቀጥሎም ኮሮኮንች፣ በመጨረሻ ጫካው። የጥጥ ካልሲ ላብ ስለሚይዝ ውኃ ያስቋጥራል፤ ቶሎ የሚደርቀው ስስ ናይሎን ወይም የሱፍ ቅልቅል ይሻላል።

ጭቃ የነካው ጫማ በለስላሳ ብሩሽና በቀዝቃዛ ውኃ በእጅ ይታጠባል። በረኪና አይነካውም። የውስጡ ንጣፍ ወጥቶ ለብቻው ይሰጣል፤ ጫማው ውስጥ ደግሞ ጋዜጣ ይጠቀጠቃል። ይህንንም ገጽ አንብበው ሲጨርሱ ለዚሁ ቢያውሉት ቅር አንሰኝም። ጋዜጣው ከረሰ በሌላ ይለወጥ። ከሰል ዳር ወይም ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ ግን ማስቲሹን ያላቅቃል፤ ስፖንጁንም ያደርቃል። ጥላ ሆኖ ነፋስ ያለበት ቦታ ይበቃል።

አንድ የሩጫ ጫማ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ያገለግላል ይባላል፤ ድንጋይ የሚበዛበት መንገድ ወደ ታችኛው ቁጥር ይጐትተዋል። በሳምንት ሦስት ቀን 8 ኪሎ ሜትር የምትሮጥ ልጅ 600 ኪሎ ሜትር የምትጨርሰው በ25 ሳምንት ነው። ስለዚህ ዓመት እንዲቆይ የሚፈለግ ጫማ ለሩጫ ብቻ መዋል አለበት፤ ገበያም፣ ትምህርት ቤትም፣ ወፍጮ ቤትም በእርሱ አይኬድ። ሩጫውም በሳምንት ሁለት ቀን ከሆነ ዓመት ሊደርስ ይችላል። ጥርሶቹ ተበልተው ከሥሩ ሲለሰልስ፣ ወይም ቀድሞ ያልነበረ የጉልበትና የባት ሕመም ከሩጫ በኋላ ሲመላለስ፣ ጫማው ለዳገት መሆኑ አብቅቷል። ያን ጊዜ ለግቢ ሥራ ይዋል፤ ለታናሽ እኅት ለሩጫ አይሰጥ።